ጌታን ስንት ጊዜ ልቀበል?

ጌታን የተቀበልሽበት ቀን መቼ ነው ብትሉኝ መልስ የለኝም። ቀኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ቀኖቹ በዝተውብኝ ነው። ሰባኪው "ዛሬ ማታ ብትሞቱ ወዴት እንደምትሄዱ እርግጠኛ ናችሁ?" ባለ ቁጥር እጄን አነሣ ነበር። "ዓይን ሁሉ ይጨፈን" ሲባል ከሁሉ ቀድሜ እጨፍናለሁ። "ወደ ፊት ኑ" ሲባል እሄዳለሁ። ኋላ ላይ ግን ማፈር መጣ። መዘምራን ውስጥ አገለግላለሁ፤ ለሌላ ሰው እጸልያለሁ፤ አዳዲስ አማኞችን አስተምራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው በየኮንፈረንሱ ወደ ፊት ሲወጣ ሰው ምን ይላል? ስለዚህ ባለሁበት ቆሜ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ፣ የንስሐውን ጸሎት ከሰባኪው ጋር መድገም ጀመርኩ። በቃሌ ስለያዝኩት አንዳንዴ ቀድሜው እጨርስ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለሆነ ሰው ነው። ስለ እምነት ግድ ለሌለው አይደለም፤ ለእሱ ሌላ ወሬ ያስፈልገዋል። የምጽፈው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጦ "እኔ በእርግጥ ልጅ ነኝ?" እያለ ለሚጨነቅ ሰው ነው። ጭንቀቱን ለማንም አይናገርም። ቢናገርም "አንተ ካልዳንክ ማን ሊድን ነው!" ተብሎ ይሳቅበታል።

ፍርሃቱን ላልደረሰበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ትንሽ አረፍ ልበል ብዬ ተኝቼ ነቃሁ። ቤቱ ጭር ብሏል። እህቴን ጠራኋት፤ መልስ የለም። ደገምኩ፤ አሁንም ዝም። ክው አልኩ። "ጌታ መጥቶ ሄዷል፤ እኔ ቀርቻለሁ" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። በባዶ እግሬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። እህቴ የጆሮ ማዳመጫ ሰክታ፣ እያንጎራጎረች ልብስ ታሰጣለች። "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ምንም፤ ስልክሽ የጠራ መስሎኝ" ብዬ ተመለስኩ። ጉልበቴ ግን ሲንቀጠቀጥ ቆየ።

የጭንቀቴ ጥያቄ አንድ ነበር፤ "ከልቤ ነው ወይ?" የሚል። ኢየሱስ ሞቶ መነሣቱን አልተጠራጠርኩም። ሊያድን መቻሉንም አልተጠራጠርኩም። የተጠራጠርኩት ራሴን ነው። ስጸልይ ካለቀስኩ ለጊዜው ደህና ነኝ። በማግስቱ ግን "ያ እኮ ስሜት ነው፤ ዝማሬው ነው ያስለቀሰሽ" እላለሁ። ካላለቀስኩ ደግሞ "ልብሽ ደንድኗል" ነው። ንስሐ ስገባ ንስሐዬ በቂ መሆኑን እመረምራለሁ። በቂ ስለማይመስለኝ ስለ ንስሐዬ ሌላ ንስሐ እገባለሁ። ጌታን ፍለጋ የጀመርኩት ጸሎት ዞሮ ዞሮ ስለ እኔ ሆኖ ያርፋል።

ሊያጽናኑኝ የሞከሩ ሰዎች ነበሩ። "አንቺ እኮ ጥሩ ልጅ ነሽ" ይሉኛል። ራሴን ስለማውቀው አላምናቸውም። "ዝም ብለሽ እመኚ" ይሉኛል። ማመኔን እኮ ነው የተጠራጠርኩት!

የጸሎት ቡድናችን ውስጥ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡ ጣታቸውን ከመስመሩ በታች ቀስ እያደረጉ ያስኬዳሉ። አንድ ቀን ከጸሎት በኋላ ጠጋ አሉኝና "ልጄ፣ ስትጸልዪ ሁልጊዜ ይቅር በለኝ ብቻ ነው የምትዪው። ምን ሆነሽ ነው?" አሉኝ። ያልጠበቅኩት ጥያቄ ስለነበር ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። እሳቸው ግን "አትጠራጠሪ" አላሉኝም። "ሉቃስ 15ን አውጪ" አሉኝ።

"ልጁ እሪያ ሲጠብቅ ሳለ ለአባቱ ምን ሊል እንዳሰበ አንብቢልኝ።"

አነበብኩ። "አባቴ ሆይ፥ በሰማይና በፊትህ በደልሁ፥ ወደ ፊትም ልጅህ ልባል አይገባኝም፤ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ።"

"አሁን ደግሞ አባቱ ጋ ሲደርስ ያለውን።"

ቁጥር 21ን አነበብኩ።

"ምን ጎደለ?" አሉኝ።

አልታየኝም። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ አስተምሬዋለሁም። እማማ መጽሐፉን ተቀብለው ጣታቸውን መጀመሪያ ቁጥር 19 ላይ፣ ከዚያ ቁጥር 21 ላይ አሳረፉ። የመጨረሻዋ ነገር የለችም። "ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ" የሚለውን አላለውም።

"አባትየው አላስጨረሰውም" አሉ እማማ። "'ልጅህ ልባል አይገባኝም' የሚለውን ሰምቶታል። እሱ እውነት ስለሆነ 'ኧረ ይገባሃል' ብሎ አልተከራከረውም። ቅጠረኝ ሊል ሲል ግን ወደ አሽከሮቹ ዞረና ልብስ አምጡ አለ። አንቺ ሁልጊዜ የምትጸልዪው ያችን እሱ ያላስጨረሳትን ነው። ቅጠረኝ ነው የምትዪው። እሱ ደግሞ ሠራተኛማ ሞልቶታል።"

ያን ቀን ጭንቀቴ ተነቅሎ አልጠፋም። እንዲያ ያለ ምስክርነት እወዳለሁ፤ የእኔ ግን እንደዚያ አይደለም። የሆነው ነገር፣ አንድ ላይ ተጣብቀውብኝ የነበሩ ሁለት ነገሮች መላቀቅ ጀመሩ። አንዱ "አይገባኝም" ነው። ሌላው "ስለዚህ አልተወደድኩም" ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይከተልም። እኔ ግን ለዓመታት ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድ እርምጃ ስሻገር ኖሬያለሁ። "ጥሩ ልጅ ነሽ" የሚሉኝ ሰዎች የመጀመሪያውን ሊያስክዱኝ ይሞክሩ ነበር፤ ስለዚህ አልተሳካላቸውም። እማማ የመጀመሪያውን ተዉልኝና ሁለተኛውን ነጠቁኝ።

በነገራችን ላይ፣ ሰባኪ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ጥሪ አታድርጉ አልልም። ግን ወደ ፊት የመጣውን ሰው ከዚህ በፊት መጥቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። "ብዙ ጊዜ" ካላችሁ ያንኑ ጸሎት አታስደግሙት። ተቀምጣችሁ አነጋግሩት።

ከዚያ በኋላ ብሉይ ኪዳንን ሳነብ አንድ ሰው ላይ ዓይኔ ቀረ። ሜምፊቦስቴ ይባላል፤ የዮናታን ልጅ፣ የንጉሥ ሳኦል የልጅ ልጅ። ሳኦልና ዮናታን በጦርነት ሲሞቱ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወደቀና እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ካደገ በኋላ ሎዶባር በምትባል ስፍራ ሰው ቤት ተጠግቶ ሲኖር ንጉሥ ዳዊት አስጠራው። በዚያ ዘመን አዲስ ንጉሥ የቀድሞውን ንጉሥ ዘር ፈልጎ የሚያስጠራው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ሜምፊቦስቴ በግንባሩ ወደቀ። ራሱን የሞተ ውሻ አለ። ዳዊት ግን አትፍራ አለው፤ ስለ አባትህ ስለ ዮናታን ቸርነት አደርግልሃለሁ አለው። ርስቱን መለሰለት፤ ዘወትር ከንጉሡ ማዕድ እንዲበላ አደረገው።

እዚህ ላይ ልብ አድርጉ። ዳዊት ይህን ያደረገው ሜምፊቦስቴ ውስጥ አንድ ነገር አይቶ አይደለም። ታማኝነቱን አልፈተነም። "ከልብህ ነው?" አላለውም። የቸርነቱ ምክንያት ከሜምፊቦስቴ ውጭ ነው፤ ከዮናታን ጋር የተገባ ቃል ኪዳን ነው። ምዕራፉ የሚያልቀው ደግሞ ሁለት እግሩ ሽባ እንደ ነበረ በመናገር ነው። ማዕዱ ላይ ተቀምጦም እግሩ ያው ነው። እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ጠዋት ተነሥቶ እግሮቹን እያየ "ዛሬስ ንጉሡ ማዕድ ላይ ያስቀርበኝ ይሆን?" ብሎ ቢጨነቅ፣ የቱንም ያህል ቢያያቸው መልሱ እግሮቹ ላይ አይገኝም። እኔ ስመረምረው የኖርኩት እግሬን ነበር።

ታሪኩ በኋላ ይበላሻል፤ ይህን ካልነገርኳችሁ አጭበርባሪ ነኝ። ሲባ የሚባል አገልጋዩ ስሙን አጠፋበት፤ ዳዊትም አምኖ ርስቱን ለሲባ ሰጠ። ሜምፊቦስቴ ቀርቦ ሲያስረዳ እንኳ መሬቱን ለሁለት ተካፈሉ ነው ያለው። ዳዊት ሰው ነዋ! ሰው ወሬ ሰምቶ ልቡ ይለወጣል። መጀመሪያ ሳነበው ቅር አለኝ። ቆይቼ ግን የበለጠ አጽናናኝ። እግዚአብሔር ስለ እኔ ሰምቶት የማያውቅ አዲስ ወሬ ይዞ የሚሄድ ሲባ የለም። ገና ያልሠራሁትን ኃጢአት ሳይቀር እያወቀ ነው የጠራኝ። ኋላ ደርሶበት የሚደነግጥበት ነገር የለኝም።

ጳውሎስ ሮሜ 5 ላይ የሚለው ይህንኑ ነው። ቁጥር 8 "ነገር ግን ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአልና እግዚአብሔር ለእኛ ያለውን የራሱን ፍቅር ያስረዳል" ይላል። ቁጥር 6 ላይ ደካሞች ይለናል፤ ቁጥር 10 ላይ ጠላቶች ይለናል። ከዚያ ክርክሩን ይጀምራል። ጠላት ሳለን በልጁ ሞት ካስታረቀን፣ ከታረቅን በኋላማ ይልቁንም እንድናለን ይላል። ከባዱን አድርጎ ቀላሉን አይተውም ማለቱ ነው። እኔ የማስበው ተገላቢጦሹን ነበር። ጌታ ኃጢአተኛ ሳለሁ ወደደኝ፤ ከዳንኩ በኋላ ግን እያንዳንዷን ጥፋት እየቆጠረ ፍቅሩ እየቀነሰ ይሄዳል ብዬ ነበር የምኖረው። ይህን ጮክ ብዬ ለሰው ብናገረው ኖሮ ሞኝነቱ ወዲያው ይታየኝ ነበር። ግን በዝምታ ነው ያመንኩት።

አሁን ወደ አስፈሪዎቹ ጥቅሶች እንምጣ። እንደኔ ያለ ሰው እነዚህን ምዕራፍና ቁጥር ሳይጠየቅ ይናገራል። የመጀመሪያው ማቴዎስ 7 ነው፤ "ጌታ ሆይ፥ ጌታ ሆይ" የሚሉትና "ከቶ አላወቅኋችሁም" የሚባሉት። ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል! ነገር ግን ሰዎቹ ለጌታ ያቀረቡትን ተመልከቱ። ትንቢት ተናግረናል፣ አጋንንት አውጥተናል፣ ተአምራት አድርገናል ነው የሚሉት። ሥራቸውን ይዘው ነው የቀረቡት። "ማረን" ያለ አንድም ሰው እዚያ ውስጥ የለም። ደግሞም "ቀድሞ አውቃችሁ ነበር፤ አሁን ግን ተውኳችሁ" አላላቸውም፤ "ከቶ" ነው ያላቸው። ሉቃስ 18 ላይ ደረቱን እየመታ "አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ" ያለው ቀራጭ ግን ጸድቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔ የትኛውን ሰው ነው የምመስለው? ማቴዎስ 7 ሊያስፈራው የሚገባ ሰው አለ፤ እርግጠኛ ሆኖ በአገልግሎቱ የሚመካ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይፈራም። መድኃኒቱ ሁልጊዜ የሚደርሰው ላልታመመው ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ያናድደኛል።

ሁለተኛው ይቅር አይባልም የተባለው፣ በመንፈስ ቅዱስ ላይ የሚነገር ስድብ ነው፤ ማቴዎስ 12። ይህን ኃጢአት ሠርቻለሁ ብሎ የሚሰቃይ ሰው በዙሪያችሁ ሊኖር ይችላል። ቃሉ የተነገረው ለማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ዕውርና ዲዳ የነበረ ሰው በዓይናቸው ፊት ተፈውሶ እያዩ "በአጋንንት አለቃ በብዔል ዜቡል ነው" ላሉ ፈሪሳውያን ነው። ይቅርታ የሚፈልግ፣ ይቅርታ እንዳይነፈገው የሚያለቅስ ሰው የእነሱ ዓይነት ልብ የለውም። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ፣ ያውም እየማለና እየተራገመ ካደ፤ ጌታ ግን ከትንሣኤው በኋላ በጎቼን ጠብቅ አለው።

ዕብራውያን 6ን፣ የካዱትን እንደገና ለንስሐ ማደስ አይቻልም የሚለውን፣ በአጭሩ ልለፈው፤ ሊቃውንት ብዙ ይከራከሩበታልና። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ማስጠንቀቂያው ክርስቶስን ትቶ መሄድ ለሚፈልግ ነው። የእኔ ችግር መሄድ አልነበረም፤ እንዳያባርረኝ ነበር ፍርሃቴ። ለዚህ ደግሞ ዮሐንስ 6፥37 አለ፦ "ወደ እኔም የሚመጣውን ከቶ ወደ ውጭ አላወጣውም።" እንዴት አድርጎ እንደመጣ፣ ምን ያህል እንዳለቀሰ አልተጠቀሰም። የመጣውን ነው ያለው።

ቤተ እምነቶች በዚህ ጉዳይ አንድ ቋንቋ እንደማይናገሩ አውቃለሁ። በኦርቶዶክስ ትምህርት መዳን እስከ ፍጻሜ የሚጓዙበት መንገድ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1547 በትሬንት ጉባኤ ላይ፣ ሰው ጸጋ ማግኘቱን ሊሳሳት በማይችል የእምነት እርግጠኝነት አያውቅም ብላ ወስናለች። በፕሮቴስታንቱ ወገንም የዳነ ሰው ሊጠፋ ይችላል፣ አይችልም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ። እኔ የራሴ አቋም አለኝ፤ ግን ክርክሩን ማሸነፍ ሰላም እንደማይሰጥ አይቻለሁ። "አንድ ጊዜ የዳነ አይጠፋም" የሚለውን ትምህርት ሙሉ በሙሉ እያመንኩ "ግን እኔ ያን አንድ ጊዜ ድኛለሁ ወይ?" እያልኩ እጨነቅ ነበር። ከሁሉ የረዳኝ በ1646 በእንግሊዝ በፕሮቴስታንቶች የተጻፈው የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ ምዕራፍ 18 ነው። እውነተኛ አማኝ እርግጠኝነትን ሳያገኝ ብዙ ሊቆይና ብዙ ሊታገል ይችላል ይላል። እምነትና እርግጠኝነት አንድ አይደሉም ማለት ነው። መጠራጠሬ ራሱ አለመዳኔን ያሳያል ብዬ ለነበርኩት ለእኔ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር።

"እና እንደ ልባችን እንኑር?" የሚል አይጠፋም። ጳውሎስንም ብለውታል፤ ሮሜ 6 የሚጀምረው በዚሁ ጥያቄ ነው። መልሱን እዚያው አንብቡት። እኔ የምችለው የሆነብኝን መናገር ነው። ድሮ ስወድቅ ከጸሎት እሸሻለሁ። ራሴን በራሴ ቀጥቼ፣ ጥቂት ቀን አዝኜ፣ "አሁን ትንሽ ጸድቻለሁ" ስል ነው የምመለሰው። በእነዚያ ቀናት ደግሞ ሌላ ነገር እጨምራለሁ፤ አንዴ ተበላሽቷል በሚል። አባቴ እንደማያባርረኝ ሲገባኝ ግን የወደቅኩ ዕለት ማታ መሄድ ጀመርኩ። ከሰው ጋርም እንደዚሁ። እህቴ አንድ ቀን "አንቺ ድሮ ይቅርታ አትጠይቂም ነበር፤ ሁልጊዜ ምክንያት ነበረሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥፋቴን ካመንኩ ሲኦል የሚከፈትብኝ ይመስለኝ ስለነበር ማመን አልችልም ነበር። አሁን ጥፋተኛ መሆን አይገድለኝም። የመንፈስ ፍሬ የሚባለውን ነገር ሌላ ሰው ያየልኝ ያኔ ነው፤ እኔ ስፈልገው በነበረ ጊዜማ አንድም ቀን አግኝቼው አላውቅም።

ስሜት ስለሌለባቸው ቀናት ደግሞ። ጆን በንያን የሚባለውን እንግሊዛዊ ሰባኪ ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል፤ ያለ ፈቃድ ሰበክህ ተብሎ ከ1660 ጀምሮ 12 ዓመት ገደማ የታሰረው። ይህ ሰው ከመታሰሩ በፊት በወጣትነቱ "ክርስቶስን ሽጠው፣ ሽጠው" የሚል ሐሳብ ሌት ተቀን ያሰቃየው ነበር። አንድ ጊዜ ሲደክመው "ከፈለገ ይሂድ" የሚል ሐሳብ በልቡ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ይቅርታ የሌለው ኃጢአት ሠራሁ ብሎ ለረጅም ጊዜ ተሠቃየ። በመጨረሻ የገባው ነገር ጽድቁ በሰማይ መሆኑ ነው፤ ክርስቶስ ራሱ ነው ጽድቁ። ስለዚህ እሱ ጥሩ ስሜት ላይ ሲሆን ጽድቁ አይሻሻልም፤ መጥፎ ስሜት ላይ ሲሆንም አይበላሽም። ይህን ካነበብኩ በኋላ፣ ጠዋት ተነሥቼ ልቤ ድርቅ ሲልብኝ "እሺ፣ ዛሬ ድርቅ ብሏል" ብዬ ወደ ሥራዬ መሄድ ቻልኩ።

ሁሉም ግን እንደ በንያን አይሆንለትም። ዊልያም ኩፐር የተባለው ገጣሚ ብዙ አማኝ የሚዘምራቸውን መዝሙሮች ጽፏል። ከ1773 ጀምሮ ግን እግዚአብሔር ጥሎኛል በሚል እምነት ተይዞ፣ ሰላም ሳያገኝ በ1800 ሞተ። ሕመም ነበረበት። የባሪያ ነጋዴ የነበረውና ኋላ መጋቢ የሆነው ጆን ኒውተን የቅርብ ወዳጁ ነበር፤ አልራቀውም። ስለ ኩፐር ሳነብ "ታዲያ ይህ ሰው ጠፋ?" አልኩ። እኔ እንደዚያ አላምንም። የሚይዘን የእኛ ስሜት ቢሆን ኖሮ እሱም አይያዝም፣ እኔም አልያዝም። ዮሐንስ 10፥28 "ከእጄም ማንም አይነጥቃቸውም" ሲል የማን እጅ እንደሆነ ይታወቃል።

ይህ ወደ መጨረሻው ነገር ያመጣኛል፤ ስለዚህ ነገር መንፈሳዊ ሰዎች መናገር አይወዱም። ጭንቀቱ አንዳንዴ የትምህርት ጉድለት ብቻ አይደለም። እኔ እማማ ያሳዩኝን ሁሉ እያመንኩም ሐሳቡ ተመልሶ ይመጣ ነበር። በወዳጅ ግፊት የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋገርኩ። ባለሙያዋ ስለ እምነቴ አልተከራከረችኝም። "ያን የንስሐ ጸሎት ስትደግሚው ጭንቀቱ ምን ያህል ይቀንሳል?" አለችኝ። "ወዲያው" አልኳት። "ተመልሶ እስኪመጣስ?" ስትለኝ ገባኝ። አንዳንዴ ደረጃ ወርጄ ሳልጨርስ ይመለሳል። ይህ ወስዋስ ነው፤ ሐኪሞቹ ኦሲዲ የሚሉት ሕመም ሃይማኖት ላይ ሲያርፍ። ሕመሙ ሰው ከሁሉ በላይ የሚወደውን ነገር ይዞ ያስጨንቃል። እናት ስለ ልጇ፣ አማኝ ስለ ነፍሱ። መደጋገሙ ለጊዜው ያሳርፋል፤ በዚያው ልክ ሕመሙን ይመግበዋል። በውይይት የሚሰጥ ሕክምና አለው፤ ለሚያስፈልገው ሰው መድኃኒትም አለው።

የተሰጠኝ ሥራ ጸሎቱን ለመድገም ስፈልግ አለመድገም ነበር። መጀመሪያ ኃጢአት የምሠራ መሰለኝ። እጄን አጣምሬ አልጋ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ልቤ ይመታል፤ "አሁን ብትሞቺስ?" ይላል ሐሳቡ። መልስ አልሰጠውም። "አባታችን ሆይ"ን አንድ ጊዜ እጸልያለሁ፤ እጋደማለሁ። ቃሉ ላይ የተዘባረቅኩ ቢመስለኝም መልሼ አላስተካክለውም። ይህ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፤ ለእኔ ግን በእግዚአብሔር ላይ የመተማመን ከባድ ሥራ ነበር። እየቆየ ቀለለ። አሁንም አልፎ አልፎ ሐሳቡ ይመጣል፤ እንደ ድሮው ግን አያስሮጠኝም።

ሐሳቡ የሚመጣባችሁ ሰዎች፣ ባለሙያ ማየት እምነት ማጣት አይደለም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ ነገ ሳትሉ ዛሬውኑ ለሰው ተናገሩ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። "ጌታ ጥሎኛልና መኖሬ ምን ያደርጋል" የሚለው ሐሳብ የጌታ ድምፅ አይደለም።

አብራችሁት የምትኖሩት ሰው በዚህ የሚሰቃይ ከሆነም አንድ ነገር ልንገራችሁ። "ድኛለሁ አይደል?" ብሎ በቀን ደጋግሞ ይጠይቃችኋል። ከፍቅር የተነሣ ደጋግማችሁ "አዎ" ትላላችሁ። እህቴም ታደርገው ነበር። ሁለታችንም ስንደክም ግን አንድ ስምምነት አደረግን። ስጠይቃት "ይህን ተነጋግረናል፤ መልሱ አልተለወጠም" ትለኛለች፤ ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ ወይም ወደ ሥራ ትወስደኛለች። መጀመሪያ ሰሞን አኩርፌያት ነበር። የረዳኝ ግን እሱ ነው።